የወለጋን ታሪክ በኢንተርኔት ስለ መፈለግ

ስለ ነቀምትና ስለ ወለጋ ከተሞች በተማሪዎች የሚጻፉትን ጥናቶች ለተመለከተ ሰው፤ ማስረጃዎቹ አንዱ ከሌላው የተቀዱ መምሰላቸው ሳይታየው አይቀርም። ምክንያቱ ሲጠየቅ «በኢንተርኔት የተገኘው ይኸው ብቻ ነው» ይባላል። ይህን መልስ አንቀበለውም። ጽሑፉ አለ፤ የተመዘገበው ግን ተማሪው በማያስበው ስም ነው።

የከተማይቱን ስም እንኳ ብንመለከት በአማርኛ ነቀምት፤ ነቀምቴ፤ ለቀምት እየተባለ ተጽፏል። በላቲን ፊደልም አንዱ ጸሐፊ በ«ኤን»፤ ሌላው በ«ኤል» ይጀምረዋል። የማኅደሩ መፈለጊያ አብዛኛውን ጊዜ የተሰጠውን ፊደል እንጂ የታሰበውን ከተማ አያውቅም።

በሰው ስም ላይ ሲደርስ ነገሩ ይብሳል። የሌቃ ነቀምት ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ የክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር ነው። ባይሩ ታፍላ በ1969 እ.ኤ.አ. በጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያን ስተዲስ የአራት ሰዎችን የሕይወት ታሪክ ሲያሳትሙ በአርእስቱ ላይ ያሰፈሩት ይህንኑ የክርስትና ስም ነው። መጽሔቱ ጄስቶር በተባለው ማኅደር ይገኛል፤ ነገር ግን በአርእስት ውስጥ «ኩምሳ» ብሎ የሚፈልግ ተማሪ በአጠገቡ አልፎ ይሄዳል። ኦነሲሞስ ነሲብም ሂካ፤ አባ ገመቺስም ተብለዋል፤ በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱሳቸው ደግሞ በግዕዝ ፊደል ስለሆነ ከቁቤ ሌላ የማያስብ ፈላጊ ገጹን አያገኘውም።

ከሁሉ የሚከብደው የቼሩሊ ጉዳይ ነው። በ1922 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የኦሮሞ ሥነ ቃል ስብስብ በአርእስቱ ላይ ዛሬ ስድብ የሆነውን የቀድሞ ስያሜ ይዟል። ስያሜው ተመልሶ እንዲነገር የሚሻ የለም፤ ይሁን እንጂ በመፈለጊያው ላይ ካልጻፉት የአያቶቻችን ግጥምና ተረት ተሸሽጎ ይቀራል። ጥፋቱ የተማሪው ብቻ አይደለም፤ በመዝገብ ላይ «ኦሮሞ» የሚለውን ስም በጎን ጨምሮ ማስገባት የማኅደር ጠባቂዎች ሥራ ነው፤ ሥራውም የአንድ መስመር ጽሕፈት ነው።

ትሪዩልዚና ተሰማ ተኣ በ2004 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የወለጋ ታሪክ ሰነዶች ስብስብ አርእስቱ እንግሊዝኛ፤ ውስጡ ግን የአማርኛ ደብዳቤ ነው። እንዲህ ያለውን ምንጭ ትቶ ከሌላ ተማሪ መመረቂያ ላይ መቅዳት፤ ምንም ማጣቀሻው ቢበዛ፤ ምርምር አይባልም።

ማንኛውም አጥኚ ሥራውን ሲጀምር የስሞችን ልዩ ልዩ አጻጻፍ በወረቀት ላይ ይደርድር፤ የተጠቀመበትንም ቃል በጥናቱ መጨረሻ ይግለጽ፤ ተከታዩ ከዚያ ይጀምራልና። ያገኘውንም ጽሑፍ በተፈቀደለት መጠን አውርዶ ያስቀምጥ። በ2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ወለጋን ጨምሮ በምዕራብ ኦሮሚያ የስልክና የኢንተርኔት መስመር ለሦስት ወር ያህል በተቋረጠ ጊዜ፤ በእጅ የነበረ ቅጂ ብቻ ይነበብ ነበር።