አንድ አኃዝ፣ አንድ ፊደል

የፍኖተ ሰላም ወይም የቡሬ ሰው በአውሮፕላን መሄድ ሲያሻው መኪና ተሳፍሮ ባሕር ዳር፣ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ይዘልቃል። እዚያ የሚያየው አስፋልትና ነጭ ቀለም ነው። ከዚያ በስተ ጀርባ ያለው ግን እንደ «4ሲ» ያለ፣ አንድ አኃዝና አንድ ፊደል ብቻ የሆነ መለያ ነው። በመሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ ይህን ያህል የተጣራ ሥራ ብዙ አይገኝም።

ያወጣው የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ነው። ፊደሉ የክንፍ ስፋት ይናገራል፦ «ሲ» ከ24 ሜትር ጀምሮ 36 እስኪሞላ፣ «ኢ» ከ52 ጀምሮ 65 እስኪሞላ። አውሮፕላን ሠሪዎች ለዚህ ወሰን ምን ያህል እንደሚጠበቡ ማየት ደስ ይላል። የቦይንግ 737 ማክስ ክንፍ 35.92 ሜትር ነው፤ በስምንት ሳንቲ ሜትር «ሲ» ውስጥ ቀረ። አየር መንገዳችን ያዘዘው 777-9 ደግሞ ክንፉ ሲዘረጋ 71 ሜትር ያልፋል፤ መሬት ላይ ግን ጫፎቹን አጥፎ ከ65 በታች ይሆናል፣ «ኢ» በሆነ ማረፊያም ይስተናገዳል።

አኃዙ ደግሞ ርዝመት ነው፤ ከ800 ሜትር በታች 1፣ ከ1,800 ጀምሮ 4። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው፦ የሚለካው አስፋልቱ ሳይሆን አውሮፕላኑ ነው። በባሕር ወለል ከፍታ፣ በ15 ዲግሪ ሙቀት፣ ነፋስ በሌለበት፣ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ሙሉ ክብደቱን ይዞ ለመነሳት ስንት ሜትር ይፈልጋል? ሁሉም በአንድ ሚዛን ከተመዘነ በኋላ አገሩ የራሱን ይጨምራል፦ በየ300 ሜትሩ ከፍታ 7 በመቶ፣ ለከፍታው ከተለመደው ሙቀት በላይ ለሆነ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 1 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ በመቶ ተዳፋት 10 በመቶ።

እስቲ ፍኖተ ሰላም ላይ እንሞክረው። ከፍታዋ 1,900 ሜትር ገደማ ነው፤ ጭማሪው 44 በመቶ። በዚያ ከፍታ «የተለመደው» ሙቀት 3 ዲግሪ አይሞላም፤ የበጋውን ቀትር 28 ብንለው 25 በመቶ ይጨመራል። ባሕር ዳርቻ ላይ 1,400 ሜትር የሚበቃው አውሮፕላን እዚህ 2,500 ይጠይቃል ማለት ነው። ከፍታዋ የሚቀራረበው የላሊበላ መንደርደሪያ 2,400 ሜትር መሆኑ ታዲያ አያስገርምም።

ከሁሉ የምወደው ግን አንድ ማሳሰቢያ ነው፤ የከፍታውና የሙቀቱ ጭማሪ አንድ ላይ ከ35 በመቶ ካለፈ ስሌቱን ትታችሁ ለቦታው ለብቻው ጥናት አድርጉ ይላል። የፍኖተ ሰላም ከፍታ ብቻውን ከዚያ ያልፋል። የት ላይ እንደማይሠራ ራሱ የሚናገር ደንብ ስንት አለ?

የቀለሙም ሥራ እንዲሁ ነው። በመንደርደሪያው መግቢያ የተደረደሩት ነጭ መስመሮች ለጌጥ አይደሉም፤ 12 ከሆኑ ስፋቱ 45 ሜትር፣ 16 ከሆኑ 60 ነው። አብራሪው ከሰማይ ሆኖ ያነበዋል። አስፋልቱም ለዓይን ጠፍጣፋ ይምሰል እንጂ ከመሃል ወደ ጠርዝ በ1.5 በመቶ ያዘነብላል፤ በ45 ሜትር ስፋት 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅታ ነው። የሐምሌን ዶፍ ለሚያውቅ የጎጃም ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ማረፊያዎች የሚተዳደሩበት ገንዘብ ግን ይህን ያህል የጠራ መለያ የለውም። አሜሪካኖች በዓመት ከ10,000 በላይ መንገደኛ የሚሳፈርበትን «ዋና» ብለው፣ በ1970 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ካቋቋሙትና ከትኬትና ከነዳጅ ቀረጥ ከሚሞላው ቋት በቀመር ይሰጡታል። የኛዎቹ ማረፊያዎች ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ግሩፕ ሥር ናቸው፤ ቦሌም ትንሹም ከአንድ ካዝና ይኖራሉ። ለትንሹ ይህ ይሻለዋል ባይ ነኝ፤ በመንገደኛ ቁጥር ቢመዘን ሊጎዳ ይችላል።

አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ላላት ቡሬ አንድ ቀን ጥናት ቢጀመር፣ መጀመሪያ የሚሰፍረው ከፍታዋ ነው፦ 2,100 ሜትር ግድም፣ ጭማሪው 49 በመቶ፤ ሙቀቱ ገና ሳይቆጠር።