ፈጣን ቃልና ዘገምተኛ ሰው

ከዋክብት እርስ በርሳቸው የተራራቁበት ርቀት በምድር መንገድ ልክ የሚገመት አይደለም። ብርሃን በአንድ ሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚገሰግስ ሆኖ ሳለ፣ ከፀሐይ ወደ ምድር ለመድረስ 8 ደቂቃ ያህል፣ ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ ከሚቀርበው ኮከብ ተነሥቶ ለመድረስ ግን ከ4 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1905 ዓ.ም. የወጣው የአይንስታይን ትምህርትም ማናቸውም መልእክት ብርሃንን ሊቀድም እንደማይችል ያስረዳል። ስለዚህ የከዋክብትን ዓለማት በአንድ ማኅበር አስተባብሮ ልብ ወለድ ታሪክ የሚጽፍ ደራሲ፣ ወሬ ከአንዱ ዓለም ወደ ሌላው በምን እንደሚደርስ አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።

አሜሪካዊቷ ደራሲ ወይዘሮ ኡርሱላ ሌ ጉዊን በዚያው አቈጣጠር በ1966 ዓ.ም. ባሳተሙት «የሮካነን ዓለም» በተባለው መጽሐፍ አንሲብል የሚባል መሣሪያ ፈጠሩ። በዚህ መሣሪያ የተላከ ቃል ርቀት ሳያግደው በዚያው ቅጽበት ይደርሳል። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ ከችግር ለማምለጥ የተበጀ ብልሃት ይመስላል፤ አሠራሩም በዚያ መጽሐፍ አልተብራራም። ነገር ግን ደራሲዋ የሚመሰገኑት ቃልን ሲያፈጥኑ ሰውን ባለማፍጠናቸው ነው። ሕይወት ያለው ፍጥረት ብርሃንን ቀድሞ ቢጓዝ ይሞታል፤ ብርሃንን የሚቀድሙት መርከቦች ሰው የማይሳፈርባቸው ቦምብ ጣዮች ብቻ ናቸው። እንግዲህ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚፈጥኑት ወሬና ሞት ሲሆኑ፣ ረዳት ግን ይዘገያል።

የዚህን ዋጋ የመጽሐፉ ሰዎች ይከፍሉታል። በመግቢያው ያለችው ሴምሊ የወገኖቿን የአንገት ጌጥ ለማምጣት ወደ ሌላ ኮከብ ሄዳ፣ ለእርሷ አጭር በመሰላት ጉዞ ስትመለስ፣ ባሏ ሞቶ፣ ሕፃን ሳለች ትታት የሄደችው ልጇም አድጋ ታገኛለች። ሮካነን ደግሞ ባልንጀሮቹን የፈጁበትን ዓመፀኞች ሰፈር በገዛ መሣሪያቸው ለወገኖቹ ያስታውቃል፤ ቦምቡም ሳይዘገይ ይመጣል። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እንደሚባለው ቃሉን ሊመልሰው አይችልም፤ የሌላውን ሐሳብ የመስማት ኀይል ስላገኘም የጠላቶቹን ሞት በገዛ ልቡናው ይሰማዋል። ወገኖቹ ከዓመታት በኋላ ሲደርሱለት ግን በሕይወት አላገኙትም።

የዚህ መጽሐፍ ጉድለት፣ እንዲህ ያለው መሣሪያ የማን ሊሆን እንደሚገባ አለመጠየቁ ነው። ይህን ጉድለት በ1974 ዓ.ም. የታተመው፣ ስሙ «ንብረት አልባዎቹ» ተብሎ ሊተረጐም የሚችለው የደራሲዋ መጽሐፍ ሞልቶታል። ይህ መጽሐፍ አንሲብል ከመሠራቱ በፊት የነበረውን ዘመን ይተርካል። የአናሬስ ተወላጅ የሆነው የፊዚክስ ሊቅ ሼቬክ ወደ ኡራስ ሄዶ ለመሣሪያው መሠረት የሚሆነውን ትምህርት ይፈጽማል፤ የተቀበለው መንግሥት ግን ዕውቀቱን የብቻው ንብረት ሊያደርገው ይሻል። ሼቬክም ይህን በተረዳ ጊዜ አምልጦ፣ ትምህርቱ ለዓለማት ሁሉ በአንድነት እንዲታወጅ ለምድር አምባሳደር አደራ ይሰጣል። ለአንዱ ብቻ ቢሰጥ የኀይል መሣሪያ ይሆን የነበረው ነገር፣ ለሁሉ በመሰጠቱ መነጋገሪያ ሆነ።

ሁለቱን መጻሕፍት አከታትሎ የሚያነብ ሰው የደራሲዋን አሳብ እድገት ይመለከታል። በፊተኛው ቃል ፈጥኖ ደርሶ ያጠፋል፤ በኋለኛው ቃል ከመፍጠኑ በፊት የማን እንደሆነ ይወሰናል። የኋለኛው ከፊተኛው የሚበልጠውም በዚህ ነው።