ስለ «አደገኛ ቆሻሻ» እና ስለ «ማጠራቀሚያ»፤ የስያሜ ሒስ

ሽቦ አልባው ቴሌግራፍ በአዲስ አበባ ደቡብ በተተከለ ጊዜ «ነፋስ ስልክ» ተባለ። ሁለት የታወቁ ቃላት ያልታወቀውን መሣሪያ አሠራር ገለጡ፤ ስያሜውም የሰፈርና የክፍለ ከተማ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ከየቤቱ ለሚወጣው አደገኛ ቆሻሻ የምንጠቀምባቸው ስያሜዎች በዚህ ሚዛን ሲመዘኑ ቀለው ይገኛሉ።

«አደገኛ ቆሻሻ» በ2010 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1090 የሕግ ቃል ሆኗል። ቅጽሉ የሚነቀፍ አይደለም፤ መመረዝንም፣ መቃጠልንም፣ መፈንዳትንም ስለሚያቅፍ ከ«መርዛማ» ይሰፋል። ጉድለቱ በስሙ ላይ ነው። «ቆሻሻ» ከ«ቆሸሸ» የወጣ በመሆኑ የሚታይ እድፍን ያሳስባል፤ ሜርኩሪ ያለበት ፍሎረሰንት አምፖል ግን ሲጣልም ንጹሕ ነው።

ከዚህም በላይ የዕቃዎቹ የዘወትር ስሞች አደጋውን ይሸፍናሉ። የእጅ ባትሪ የሚጎርሰው «ድንጋይ» ይባላል፤ ድንጋይ ለመጣል ማን ያመነታል? ተባይ የሚገድለው ኬሚካልም «መድኃኒት» ነው፤ ሥሩም ከ«ድኅነት» ጋር አንድ ነው። ተርጓሚው በማስታወቂያ ላይ «አደገኛ ቆሻሻ» ብሎ ቢያበቃ፣ የላፍቶዋ እመቤት በእጇ የያዘችውን ድንጋይና መድኃኒት በዚያ ቃል ውስጥ አታገኛቸውም። «ውዳቂ» ቢመረጥ ኖሮ እድፉ በቀረ ነበር፤ አዋጁ የያዘውን ቃል ማስለቀቅ ግን ቀላል አይደለም። ስለዚህ ከሕጉ ቃል ሥር የቤቱ ስሞች አንድ በአንድ ይዘርዘሩ።

ሁለተኛው «ማጠራቀሚያ» ነው። ማጠራቀም ጥቂት በጥቂቱ ማከማቸት ስለሆነ ተቀባይ አይሻም። ከገንዳው ጎን የተተወውን አሲድ ያለበት የመኪና ባትሪ ማን ተቀበለው? በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 የቤቱ ኃላፊ ዳግም ጥቅም ላይ ሊውል የሚችለውን ቆሻሻ ለይቶ ወደተመደበለት ሥፍራ እንዲያደርስ ደንግጎ ነበር። ለአደገኛው ግን ማድረስ ብቻ አይበቃም፤ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፍ አለበት። ስለሆነም «መረከቢያ» የሚለውን እናቀርባለን። «ተረከበ» በግምጃ ቤት ቋንቋ አስረካቢ፣ ተረካቢና ፊርማ ያለው ግስ ነው፤ ኃላፊነት ከማን ወደ ማን እንዳለፈ ይናገራል።

ቃል ብቻውን ጣቢያ እንደማይሠራ እናውቃለን። ነገር ግን ሳይለይ የተጣለው ሁሉ ለብዙ ዓመታት ወደ ረጲው ቆሼ ሲጋዝ፣ የመጨረሻው ለዪ በባዶ እጁ የሚለቅመው ሰው ነበር። ቃላችን ከቤት ደጃፍ ላይ ያላስጠነቀቀውን አደጋ እርሱ በጣቱ አገኘው።