ያላየ ዓይን ስንት ያወጣል?

የአንድ ዕቃ ዋጋ የሚለካው በሰጠው አገልግሎት ነው ወይስ ሳያገለግል በመቆየቱ? ይህ የነጋዴ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የኪነ ጥበብም ጥያቄ ነው። አሮጌዎቹ ባለ ሁለት ሌንስ ካሜራዎች በሰብሳቢዎች ገበያ የያዙት ስፍራ ጥያቄውን አጉልቶ ያሳየናል።

የዚህን ዓይነት ካሜራ ስም ያስጠራው ሮላይፍሌክስ ነው። በጀርመን አገር በብራውንሽቫይግ ከተማ ፍራንከና ሃይደከ የተባሉ ሽሪኮች ያቋቋሙት ድርጅት ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1929 ነበር። ሁለት ዓይኖች አሉት፤ የላይኛው ለአንሺው ያሳያል፣ የታችኛው በፊልሙ ላይ ይጽፋል። ከላይኛው ሌንስ ኋላ ያለው መስታወት ከቦታው ስለማይነቃነቅ፣ ምስሉ በሚነሣባት ቅጽበት እንኳ ከዕይታ አይሰወርም። ነገር ግን ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ አንሺው ካሜራውን ከደረቱ ሥር ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ የዞረውን ዓለም በትዕግሥት ማቃናት አለበት። ከአንድ ጥቅል 120 ፊልም የሚያገኘውም 12 ምስል ብቻ ነው። አንገት መድፋትና መቆጠብ፤ መሣሪያው ያስተማረው ሥነ ምግባር ይኸው ነው።

የሰብሳቢው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። መለያ ቁጥሩን ያነባል፤ ሌንሱ ፕላናር ይሁን ክሴኖታር ያጣራል፤ ቆዳው እንዳልተላጠ፣ ማኅደሩና ካርቶኑ እንዳልጠፉ ይመረምራል። እጅ ያልነካው ከሆነ ዋጋው ይንራል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በወርቅ ተለብጦ የወጣው «አውሩም» ደግሞ ገና ሲወለድ ለመስታወት ሣጥን የታጨ ነበር ማለት ይቻላል።

ሰብሳቢን መንቀፍ ቀላል ነው፤ ፍርድ ግን ሚዛን ይሻል። እነርሱ ባይኖሩ ኖሮ ስንቱ ካሜራ ከቆሻሻ ጋር በተጣለ፣ የጠጋኙም ሙያ በተረሳ ነበር። ቢሆንም መሣሪያው ራሱ ይሞግታቸዋል። ሳይሠራ የኖረ ካሜራ የመዝጊያው ቅባት እየረጋ ይለግማል፤ በቆዳ ማኅደር ታፍኖ እርጥበት ያገኘው ሌንስ ሻጋታ ያበቅላል። እንዳያረጅ ተብሎ የተቀመጠው በመቀመጡ ያረጃል።

ቪቪያን ማየርን እናስታውስ። ቺካጎ ውስጥ በሞግዚትነት እየተዳደረች፣ ሮላይፍሌክሷን አንግታ በየመንገዱ ፎቶግራፍ ታነሣ ነበር። ትታው ያለፈችው ኔጋቲቭ ከ100,000 ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2007 የመጋዘን ኪራይ ባለመከፈሉ ንብረቷ ለሐራጅ ቀረበ፤ ገዢዎቹ ማንነቷን አያውቁም ነበር። በ2009 ስታርፍም ዝናዋን ሳታይ ነው። ይህ ሁሉ ሀብት የተገኘው ከተሠራበት ካሜራ ነው። እጅ ካልነካው ካሜራ አንድም ምስል አልወጣም።

እንግዲህ ሰብሳቢ ወዳጅ ያለን ሰዎች የምንለምነው አንድ ነገር ነው፤ በዓመት አንዲት ጥቅል ፊልም ያጉርሰው። ምናልባት ቆዳው ይፋቅ፣ ዋጋውም ጥቂት ይቀንስ ይሆናል። ዓይን ግን የተሠራው ሊያይ ነው።