ጠመንጃው የማን ነው? ከፍላቂት ፉከራ እስከ አበጀ በለው ባላገሮች

ፍላቂት ላይ ሰርግ የታደመ ሰው ፉከራ ሳይሰማ አይመለስም። ጠላው ዞሮ ዘፈኑ ከሞቀ በኋላ አንዱ «ዘራፍ» ብሎ ይነሣል። ዱላውን እንደ ጠመንጃ አንግቶ የአባቱን ስም ይጠራል፤ የራሱን ይደርባል፤ ጥሎት ያለፈውን ጠላት ይቆጥራል። ወንዱ ይቀበለዋል፤ ሴቱ እልል ይላል። የሥነ ቃል አጥኚዎቻችን ይህን ዓይነቱን ቃል ግጥም የጀግንነት ግጥም ብለው መድበውታል። ምደባው ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል። ይኸውም ፎካሪው በጠመንጃው የሚጠብቀው ማንን ነው? የሚለው ነው።

የፉከራ ተናጋሪ ምንጊዜም አንደኛ መደብ ነጠላ ቁጥር ነው። የሚገድለው «እኔ» ነው፤ የሚታማውም፣ የሚወደሰውም «እኔ» ነው። መንደሩ በግጥሙ ውስጥ የሚገባው ምስክር ሆኖ ነው። በዚያው በመቄት ደጋ ግን ሌላ የመከላከያ ሥርዓት አለ። ሌሊት ዘራፊ ከበረት ሲገባ ኡኡታ ይነሣል፤ ብዙ ጊዜም ጯኺዋ ሴት ናት። ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ያገኘውን ይዞ ይወጣል፤ ሰምቶ የተኛ ደግሞ በማግሥቱ በሽማግሌ ፊት ይወቀሳል። እዚህ ላይ የሚከላከለው «እኛ» ነው። ሆኖም ኡኡታ ግጥም የለውም፤ ካለውም እኔ አልሰማሁትም። ከብቱ ተመልሶ፣ ዳሱ ተጥሎ፣ ነገሩ ወደ ቃል ግጥም ሲገባ የመንደሩ ሥራ የአንድ ሰው ሥራ ሆኖ ይወጣል። ቀድማ የጮኸችው ሴት እልል ባይ ሆና ትቀራለች።

የፉከራው «እኔ» የወል እኔ ነው፣ ፎካሪው ስለ አገሩ ነው የሚናገረው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ስለተነገሩት ፉከራዎች ይህ በከፊል እውነት ነው። ይሁን እንጂ አንድ ቀላል መፈተኛ አለ። ሁለተኛው ሰው ሲነሣ ያለፈውን ሰው ፉከራ ከቆመበት አይቀጥልም፤ በራሱ ስም ከአዲስ ይጀምራል። የወል እኔ ቢሆን ኖሮ መቀባበል በተቻለ ነበር።

ጉዳዩ የሰዋስው ብቻ አይደለም። በ2013 ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ሰሜን ወሎን አዳርሶ ከፍላቂት ብዙ የማትርቀው ጋሸና የውጊያ ቦታ በሆነችበት አገር፣ ስለ ጠመንጃ የሚነገር ቃል ማንን ወክሎ እንደሚነገር መጠየቅ የቅንጦት ምርምር ሊባል አይችልም።

ጥያቄውን ወደ ጽሑፍ ስንወስደው ከላስታ ደጋ ወደ ጎጃም መሻገር ግድ ይለናል፤ የባላገሮችን የትጥቅ መከላከል በሰፊው የተረከው ልቦለድ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነውና። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ፍላቂትን ለመሰለ አገር የደረሰው ግን ይልቁንም በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ነው፤ ፊደል ያልቆጠረውም ሰምቶታል። በልቦለዱ ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ ከተለመደው በላይ የጠየቁትን ባላገሮቻቸው እምቢ ይላሉ። ፊታውራሪው ጦር አስከትተው ይዘምቱባቸዋል፤ በአበጀ በለው የሚመሩት ባላገሮችም ድል አድርገው ይማርኳቸዋል። ልብ እንበል፤ ይማርኳቸዋል እንጂ አይገድሏቸውም። በፉከራ ሥርዓት ቢሆን የዚህን ያህል ጌታ ጥሎ መፎከር በተገባ ነበር። ሐዲስ ግን ጠመንጃውን ለግዳይ ሳይሆን በደልን ለማስቆምና ለመደራደር አውለውታል። ሐዲስ ጠመንጃን በወሬ የሚያውቁ ሰው አልነበሩም፤ ከራስ እምሩ ጋር ዘምተዋል፣ ተማርከው ጣሊያን አገር ታስረዋል። መጽሐፉ ከታተመ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብርን ተቃውሞ ሲነሣ መንግሥት በአውሮፕላን ደበደበው፤ በመጨረሻ ግን አገረ ገዢውን አዛወረ፣ ውዝፉንም ግብር ማረ።

ሐዲስ ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ኢትዮጵያን ወክለው በዋሽንግተን ኖረዋል፤ ያን ጊዜ ጥቁርና ነጭ በሕግና በልማድ ተለያይቶ የሚኖርባት ከተማ ነበረች። ይህን የማነሣው ልቦለዱ ከዚያ ተቀዳ ለማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለው ማስረጃ የለሽ የተጽዕኖ ፍለጋ በመጽሔቶቻችን በዝቷል። ለንጽጽር ብቻ ነው። ልቦለዱ በታተመበት ዘመን በአሜሪካ ደቡብ የጥቁሮች ማኅበረሰቦች ራሳቸውን በጠመንጃ ይከላከሉ ነበር። የእነርሱም ትግል ያንኑ የ«እኔ»ና የ«እኛ» ችግር በጽሑፍ አውጥቶታል።

በሰሜን ካሮላይና በምትገኘው በሞንሮ ከተማ ሮበርት ዊልያምስ የተባለ የቀድሞ ወታደር የጥቁሮች መብት ማኅበር የአካባቢ ቅርንጫፍ ሊቀ መንበር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ኩ ክለክስ ክላን የዶክተር አልበርት ፔሪን ቤት ሊያጠቃ በመኪና ተሰልፎ ሲመጣ፣ ዊልያምስና ጓደኞቹ ምሽግ ሠርተው ጠበቁትና ተኩሰው መለሱት። ከዚያ በኋላ የከተማው ምክር ቤት የክላንን የመኪና ሰልፍ አገደ። ዊልያምስ ይህን በ1962 በታተመው «ጠመንጃ የያዙ ኔግሮዎች» በተሰኘው መጽሐፉ ተርኮታል። መጽሐፉ በአንደኛ መደብ የተጻፈ ቢሆንም ዋና ክርክሩ አለመተኮስን የሚመለከት ነው፤ የታጠቀ ማኅበረሰብ ደም መፋሰስን ያስቀራል ይላል። በ1964 ደግሞ በሉዊዚያና፣ ጆንስቦሮ ላይ «ዲያቆናት ለመከላከልና ለፍትሕ» የተባለ ቡድን ተቋቋመ። ስሙ ለእኛ አገር ጆሮ እንግዳ ነው፤ ዲያቆን ጽና ይዞ እንጂ ጠመንጃ ይዞ አናውቀውምና። ሥራቸው ግን ለመንደራችን ሰው ግልጽ ነው፤ ሌሊት መንደር መጠበቅ፣ የመብት ታጋዮችን ከአደጋ ማዳን። ተረኛ ዘብ ስለሆነ ማንም ፉከራ አልጻፈለትም።

ኦክላንድ ላይ በ1966 የተመሠረተውን የብላክ ፓንተር ፓርቲን ዓለም የሚያስታውሰው በምንድን ነው? ሂዩ ኒውተን በሰፊ የስፌት ወንበር ላይ ተቀምጦ በአንድ እጁ ጦር፣ በሌላው ጠመንጃ ይዞ በ1967 በተነሣው ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፉ ቃል የለሽ ፉከራ ነው፤ ጦሩም፣ ወንበሩም፣ አተያዩም «እኔ» ይላል። ፓርቲው ከ1969 ጀምሮ ለሕፃናት ያበላው የነበረው ነጻ ቁርስ ያን ያህል አይታወስም፤ ብዙዎቹ አብሳዮቹና አስተናጋጆቹ ሴቶች መሆናቸው ደግሞ ከዚያም ያነሰ። የፍላቂቷ ኡኡታ አሰሚ ሴት ዕጣም ከዚህ የተለየ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ሐዲስ ስንመለስ የልቦለዱ ጉድለት የት ላይ እንደሆነ ማየት እንችላለን። ደራሲው ጠመንጃውን ከግዳይ አላቀውታል፤ ከ«እኔ» ግን ሙሉ በሙሉ አላላቀቁትም። ባላገሮቹ የሚታወቁት በመሪያቸው ነው፤ አንባቢ ከአበጀ በለው ሌላ የስንቱን ስም ያስታውሳል? ሥርዓቱ ለምን እንደማይረባ የሚተነትነው ደግሞ ከባላገሮቹ አንዱ አይደለም፤ ጉዱ ካሣ ነው፤ እርሱም የጌቶቹ ዘመድ ነው። ስለዚህ በልቦለዱ ውስጥ ሐሳቡ በአንድ በኩል፣ መሣሪያው በሌላ በኩል ቆሟል፤ ካሣ ይናገራል፣ አበጀ ይዋጋል። ሞንሮ ላይ የሚናገረውና ዘብ የሚቆመው አንድ ሰው ነበር፤ የመጽሐፉ ኃይልም ከዚያ ይመነጫል። በእኛ ልቦለድ መከፋፈሉ የጊዜውን እውነት ያንጸባርቃል ተብሎ ሊከራከሩለት ይቻላል፤ እኔ ግን የትረካ ምርጫም ነው እላለሁ። ባላገሮቹ ከዘመቻው በፊት ተሰብስበው የመከሩበት ሸንጎ ከአበጀ ጀግንነት እኩል ቦታ ቢሰጠው ኖሮ፣ የካሣን ሐሳብ ከካሣ አፍ ውጭም በሰማነው ነበር። ትረካው ግን ፊቱን ወደ ሰብለ ወንጌልና ወደ በዛብህ ይመልሳል፤ ባላገሮቹም ከትረካው ይወጣሉ።