ስለ ሦስተኛው የኒውተን ሕግ አገላለጽ፦ አጭር ሂስ

በትምህርት ቤት የፊዚክስ ትምህርት ሦስተኛው የኒውተን ሕግ ብዙውን ጊዜ «ለእያንዳንዱ ድርጊት እኩልና ተቃራኒ የሆነ አጸፋ አለ» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይቀርባል። ተማሪው ይህን በቃሉ ይዞ ፈተና ያልፍበታል። ይሁን እንጂ አገላለጹ ሕጉን ከማስጨበጥ ይልቅ የሚያደናግርበት ምክንያት ስላለ፣ በዚህ አጭር ጽሑፍ ጉድለቱን ለማመልከት ይሞከራል።

ኒውተን በ1687 (እ.ኤ.አ.) በታተመው «ፕሪንኪፒያ» ሕጉን የደነገገው በሁለት ሐረግ ነው። ፊተኛው ስለ ድርጊትና አጸፋ እኩልነት ይናገራል። ኋለኛው ይህንኑ ሲያብራራ፣ ሁለት አካላት እርስ በርሳቸው የሚያሳርፉት ተጽዕኖ ምንጊዜም እኩልና አቅጣጫው ተቃራኒ መሆኑን ያመለክታል። በክፍላችን የቀረው ፊተኛው ሐረግ ብቻ ነው። «ሁለት አካላት» እና «እርስ በርስ» የሚሉት፣ ለሕጉ ምሰሶ የሆኑት ቃላት ተትተዋል።

ለብቻው የቀረው «አጸፋ» ደግሞ በአማርኛ የራሱን ትርጉም ይዞ ይመጣል። አጸፋ የሚመለሰው ቀድሞ ለተሰነዘረ ነገር ነው፤ ስለዚህም ተማሪው በመጀመሪያ አንዱ ይገፋል፣ ቀጥሎ ሌላው ይመልሳል ብሎ ይረዳል። እውነቱ ግን ግድግዳ የሚገፋ ሰው በዚያው ቅጽበት በግድግዳው ይገፋል፤ ቀዳሚም ተከታይም የለም። የትኛውን ድርጊት፣ የትኛውን አጸፋ ማለትም የስም ጉዳይ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የባሰ ነው። ኃይሎቹ የሚያርፉት በሁለት የተለያዩ አካላት ላይ መሆኑ ስላልተነገረ፣ በጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ መጽሐፍ ክብደትና ጠረጴዛው ወደ ላይ የሚገፋበት ኃይል እንደ ድርጊትና አጸፋ ይቆጠራሉ። የመጽሐፉ ክብደት 10 ኒውተን ቢሆንና በእጃችን በ5 ኒውተን ወደ ታች ብንጫነው፣ ጠረጴዛው የሚገፋው በ15 ኒውተን ይሆናል፤ ክብደቱ ግን ያው 10 ነው። እኩልነታቸው እንዲህ የሚፈርስ ኃይሎች የሦስተኛው ሕግ ጥንድ ሊሆኑ አይችሉም። ሁለቱም የሚያርፉት በዚያው በመጽሐፉ ላይ ነውና። መሬት መጽሐፉን በ10 ኒውተን ስትስብ እውነተኛው ጥንድ መጽሐፉ መሬትን በ10 ኒውተን መሳቡ ነው።

በማስተማር ልምምድ ክትትል ላይ ደጋግሞ የሚያጋጥም አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ኃይሎቹ እኩልና ተቃራኒ ከሆኑ በሬዎቹ ማረሻውን እንዴት ይጎትቱታል?» የሚለው ነው። ዕጩ መምህሩ «የበሬዎቹ ኃይል ስለሚበልጥ ነው» ሲል ይመልሳል፤ በሰሌዳ ላይ አሁን የጻፈውን ሕግ በአንደበቱ ይሽራል ማለት ነው። ጥፋቱ ግን የእርሱ ብቻ አይደለም፤ የተማረው ዐረፍተ ነገር መልሱን አልያዘለትም። በሬዎቹና ማረሻው የሚሳሳቡት ምንጊዜም በእኩል ኃይል ነው። ሆኖም የማረሻውን እንቅስቃሴ የሚወስኑት በማረሻው ላይ ያረፉት ኃይሎች፣ ማለትም የበሬዎቹ ስበትና የአፈሩ ተቃውሞ ናቸው። በሬዎቹም ወደ ፊት የሚሄዱት በሰኮናቸው መሬቱን ወደ ኋላ ሲገፉ መሬቱ ወደ ፊት ስለሚገፋቸው ነው። ጭቃው ሲያዳልጥና ሰበቃው ሲቀንስ የሚቸገሩትም በዚሁ ምክንያት መሆኑን የገበሬ ልጅ ሁሉ ያውቃል።

ዐረፍተ ነገሩ አጭር ስለሆነ ለማስታወስ ይመቻል የሚል ክርክር ይነሣ ይሆናል። የሚታወሰው ነገር ስሕተት ከወለደ ግን ማጠሩ አይጠቅምም። ስለዚህ የሚከተለው አገላለጽ ቢተካ ይበጃል፦ አንድ አካል በሌላ አካል ላይ ኃይል ሲያሳርፍ፣ ሁለተኛው በዚያው ቅጽበት በመጀመሪያው ላይ በመጠን እኩል፣ በአቅጣጫ ተቃራኒ የሆነ ኃይል ያሳርፋል። መምህሩም ለእያንዳንዱ ኃይል «ማን፣ በማን ላይ?» ብሎ ያስጠይቅ። ይህን ጥያቄ መመለስ የቻለ ተማሪ ሕጉን ተረድቷል ለማለት ይቻላል።