የተቆላ አሸዋ

አሸዋ ቆልታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ቅዳሜ ዕለት ቆላሁ። በብረት ምጣድ፣ ልክ እንደ ቡና፣ እያገላበጥኩ! ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ "ምነው፣ ምን ነካህ?" አለችኝ። ምን እንደነካኝ ላውራችሁማ!

አንዲት አሮጌ ላንድክሩዘር አለችኝ። ሻንሲዋ የማይበገር ነው፤ ከበሯ ሥር ያለው ላሜራ ግን ከቆርቆሮ አይሻልም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ወንዝ ስሻገር ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ግራ ጎኗ ተጨራመተ። በሩ እስካሁን በትከሻ ካልገፉት አይዘጋም። በደህና ገንዘብ አስገጥሜው የነበረው መረገጫስ? እንደ ቂጣ ታጠፈ! ለጫማ እንጂ ለድንጋይ አልተሠራማ። ያን ዕለት ማልኩ፦ የጎን መከላከያውን ራሴ እሠራለሁ። ከወፍራም ቱቦ፣ ከላሜራው ሳይሆን ከሻንሲው ጋር የተበየደ፣ ክሪክ ቢገባበት መኪናዋን የሚሸከም።

መቁረጡ አያቅተኝም፤ ብየዳም እሞክራለሁ። ጣጣው ማጠፉ ነው። ባዶ ቱቦ ሲታጠፍ የውጭ ጎኑ ይለጠጣል፣ የውስጥ ጎኑ ይጨመቃል፤ ሁለቱም ወደ መሃል ይሸሻሉ። መሃል ላይ የሚይዛቸው ነገር ስለሌለ ክቡ ይጠፈጠፋል። የመጀመሪያው ሙከራዬ የተረገጠ የውሃ ፕላስቲክ መሰለ፤ ሁለተኛው ባሰበት። ክፋቱ መልኩ ብቻ አይደለም፤ የተጨማደደ ቱቦ ድንጋይ ሲያገኘው መጀመሪያ የሚሰበረው እዚያችው ቦታ ላይ ነው። የማጠፊያ ማሽን ዋጋ ጠየቅኩና ዝም ብዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ሦስተኛ ቱቦ ፍለጋ ምናለሽ ተራ ወረድኩ። የተበላሸውን ቁራጭ ለናሙና ይዤ ነበር። አንድ ሽማግሌ ብረት ሠሪ ተቀብለውኝ አገላብጠው አዩትና ሳቁ።

"ልጄ፣ ይሄ እኮ ርቦት ነው የተጨማደደው። አብላው እንጂ!"

"ምን ላብላው ጋሼ?"

"አሸዋ።"

በቃ! አሸዋ! ታጭቆ የተሞላ አሸዋ መሄጃ የለውም፤ ስለዚህ የቱቦው ግድግዳ ወደ ውስጥ ልግባ ቢል ከውስጥ ይመልሰዋል። ኋላ እንደተረዳሁት ትራምፔት ሠሪዎችም ቀጭኑን የነሐስ ቱቦ ሲያጥፉ ሆዱን ባዶ አይተዉትም፤ ቅጥራን ወይም የሳሙና ውሃ ሞልተው፣ ውሃውን በረዶ አድርገው ያጠነክሩታል። እኔ ግን ይህን ሳላውቅ ስንት ብረት አበላሽቻለሁ!

አሸዋው ግን ደረቅ፣ እጅግ ደረቅ መሆን አለበት። እርጥበት ካለው፣ ቱቦው ለመታጠፍ እሳት ላይ ሲግል እርጥበቱ እንፋሎት ይሆንና የጫፉን ውታፍ እንደ ጥይት ያስወነጭፈዋል። ምጣዱ የመጣው ለዚህ ነው።

ቱቦው "አንድ ተኩል ኢንች" የሚባለው ነው። ስሙን አትመኑት፤ ውጩን ብትለኩት 48 ሚሊሜትር ነው። አንዱን ጫፍ በእንጨት ወትፌ፣ የተነፋውን አሸዋ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመርኩ ጎኑን በዱላ ኳ ኳ አደርገዋለሁ። ጤፍ ስትሰፍሩ ጣሳውን ነቅነቅ ስታደርጉት ዝቅ እንደሚለው፣ አሸዋውም ዝቅ ይላል፤ እንደገና ይጨመራል። ድምፁን ስሙት! መጀመሪያ እንደ ደወል ይጮኻል፤ ሲጠግብ ድምፁ ይሞታል፣ "ድም" ብቻ። ያኔ ሌላኛው ጫፍ ይወተፋል።

ቅርጽ ማውጫው ደግሞ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? አሮጌ ባለ 16 ኢንች ቸርኬ! ከመሃሉ እስከ ዳሩ 20 ሴንቲሜትር ግድም ስለሆነ የቱቦውን ውፍረት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ለእንዲህ ያለ ቱቦ ደህና ጥምዝ ነው። ለ45 ዲግሪ 18 ሴንቲሜትር ያህል በጠመኔ ምልክት አድርጌ፣ የቱቦውን የብየዳ መስመር ወደ ጎን አዞርኩት። ጎኑ ብዙም አይለጠጥም፣ ብዙም አይጨመቅም፤ መስመሩ እዚያ ሲሆን አይሰነጠቅም። ከዚያ ነበልባሉን ለቀቅኩበት፤ ቱቦው ፍም መሰለ፤ ጫፉን ይዤ ሳብኩ።

ወዮ ጉድ! ያ ሁለት ሳምንት ያንገላታኝ ብረት እንደ ሻማ ዞረ! ያለ ጩኸት፣ ያለ ግትርነት፣ ቸርኬውን አቅፎ ተኛ። ሲበርድ ዳሰስኩት፤ አንዲት ጭምድድ የለችም። ካሊፐር አደረግኩበት፤ ከክቡ የጎደለው አንድ ሚሊሜትር ብቻ! ጎረቤት ጠርቼ አሳየሁ፤ ልጆቼን ጠርቼ አሳየሁ፤ ለዘበኛውም አሳየሁት።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ በዚንክ የተለበጠ የውሃ ቱቦ እሳት ላይ እንዳታወጡ። ጭሱ ትኩሳት ይዞ ይጥላል። ጥቁሩን ቱቦ ፈልጉ።

ግራው ጎን አልቋል። ትናንት ክሪኩን ሥሩ አስገብቼ ስጨምቀው ሁለቱም የግራ ጎማዎች ከመሬት ተነሡ፤ መከላከያው ንቅንቅ አላለም። በሩ አሁንም በትከሻ ነው የሚዘጋው፤ እሱን አሸዋ አያድነውም። አሸዋው ራሱ ግን ውታፉን ስነቅለው ሽው ብሎ ሳፋው ውስጥ ፈሰሰ፤ ሳይጎድል፣ እንደገባው። አሁን የቀኙን ጎን እየጠበቀ ነው። ባለቤቴም አዲስ ምጣዷን እየጠበቀች ነው።